የወገዳ ልጅ አበባውን በመስከረም ያያል፦ ለአጸደ ሕፃናትና ለመድረሳ የሚሆኑ የጥቢ ወራት ተግባራት



መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት አጸደ ሕፃናትና «ኦ» ክፍል የሚያስተምሩ እህትና ወንድሞች ደጋግመው የሚያነሱት ጥያቄ አለ፦ «ስለ አበባ ወቅት ትንንሾቹን ምን ላሠራቸው?» ብዙዎች መልሱን ስልካቸው ላይ ይፈልጉታል። የሚያገኙት ግን በረዶ ሲቀልጥ የሚያሳይ ሥዕል፣ በሜዳችን የማይበቅል አበባ፣ ጥንቸልና ቀለም የተቀባ እንቁላል ነው። ወሩም መጋቢት፣ ሚያዝያና ግንቦት እንደሆነ ይናገራል። ሥዕሉ ይባዛል፤ ልጆቹም ከለር ይቀቡታል።

እስኪ ይህን ወረቀት ይዘን ወደ ወገዳ እንሂድ። ወገዳ በደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል የስማዳ ወረዳ ከተማ ናት፤ ጋይንትና እስቴ ጎረቤቶቿ ናቸው። በዚያ አገር መጋቢትና ሚያዝያ ማለት ሣሩ ደርቆ፣ ከብቱ ከስቶ፣ ገበሬው ሰማይ ሰማይ እያየ ሞፈሩን የሚያዘጋጅበት ጊዜ ነው። ምድሩ በአደይ የሚቀባው፣ ምንጩ የሚጠራው፣ ንቡ ከአበባ አበባ የሚዞረው በመስከረምና በጥቅምት ነው። አበባ ሜዳውን በሞላበት ሳምንት የበረዶ ሥዕል ሲቀባ የሚውል ልጅ ሳናውቀው አንድ ትምህርት ይማራል፦ ትምህርት ማለት እዚህ ስለሌለ ነገር ማውራት ነው የሚል።

ጥንቸሉና እንቁላሉም ከወቅቱ ጋር አብረው የመጡት እንዲሁ አይደለም። በምዕራባውያን የፋሲካ በዓል ልማድ ውስጥ ያሉ ምልክቶች ናቸው። ለሙስሊሙ ልጅም ሆነ አጠገቡ ለተቀመጠው የኦርቶዶክስ ልጅ እንግዳ ናቸው። በመድረሳችን ግድግዳ ላይ ከመለጠፋችን በፊት ምን እንደሆኑ ማወቅ ይገባናል።

በዚህ ጽሑፍ ወቅቱን ከመስኮታችን ውጪ ፈልገን፣ ገንዘብ በማይጠይቅ መንገድ ከ4 እስከ 7 ዓመት ያሉ ልጆችን እንዴት እንደምናስተምርበት እናያለን።

ጸደይ፣ መጸው፣ ጥቢ፣ ረቢዕ፦ ስሙን እናጥራው

በአገራችን የባሕረ ሐሳብ አቆጣጠር ዓመቱ በአራት ይከፈላል። ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 መጸው፣ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25 ሐጋይ ወይም በጋ፣ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ጸደይ፣ ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ክረምት ነው። በዚህ አከፋፈል አበባ የሚፈነዳበት፣ እሸት የሚቀጠፍበት ወቅት መጸው ነው። በብዙዎቻችን አነጋገር ግን የመስከረምና የጥቅምት ጊዜ «ጸደይ» ሲባል ስለምንሰማ ስሙ ይምታታል። ገበሬው «ጥቢ» ይለዋል። ለትንሽ ልጅ ቤቱ የሚሰማው ቃል ስለሚቀርበው እኔም «ጥቢ» እላለሁ።

መድረሳ ውስጥ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይነሳል። ረቢዑል አወልን የሚሸመድድ ንቁ ልጅ «ረቢዕ» ማለት የአበባ ወቅት መሆኑን ሲሰማ «ታዲያ አበባው የታለ?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ጥሩ ጥያቄ ነው። የሂጅራ ዓመት በጨረቃ ስለሚቆጠር ከፀሐይ ዓመት 11 ቀን ገደማ ያጥራል። ስለዚህ የሂጅራ ወራት በ33 ዓመት ገደማ ውስጥ ሁሉንም ወቅቶች ይዞራሉ። በ2017 ዓ.ል ይህ በግልጽ ታይቷል፦ መውሊድ በዚያው በአንድ ዓመት ውስጥ በመስከረም መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ሁለት ጊዜ ውሏል። ለ5 ዓመት ልጅ ይህን ያህል መዘርዘር አያስፈልግም፤ «የጨረቃ ወር ይዞራል፣ አበባ ግን ክረምቱን ተከትሎ ይመጣል» ማለት ይበቃዋል።

ለምን በማየትና በመንካት?

«አጸደ ሕፃናት» የሚለውን ስም ልብ እንበለው። አጸድ ማለት የአትክልት ስፍራ ነው። ስሙ ጀርመናዊው ፍሬድሪክ ፍሮብል በ1840 እ.ኤ.አ ለትምህርት ቤቱ ካወጣው ስም ጋር አንድ ነው። ፍሮብል ልጆች የየራሳቸው ትንሽ መደብ ኖሯቸው ዘር ዘርተው፣ አጠጥተው፣ ሲያድግ እያዩ እንዲማሩ ያደርግ ነበር። ዛሬ አጸዱ ቀርቶ ስሙ ብቻ የተረፈባቸው ክፍሎች ብዙ ናቸው፤ ልጆች ከጠዋት እስከ ቀትር በአግዳሚ ላይ ተቀምጠው ፊደል በኅብረት ሲጮኹ ይውላሉ።

ከእኛ ሊቃውንትም ኢማም አል-ገዛሊ (ረሒመሁላህ) «ኢሕያእ ዑሉሚ-ድ-ዲን» በተሰኘው ሥራቸው ስለ ልጆች አስተዳደግ ሲጽፉ፣ ልጅ ከቁርኣን ቤት ሲወጣ መልካም ጨዋታ እንዲጫወት ይፈቀድለት ይላሉ። ጨዋታን ከልክሎ ያለ ዕረፍት ማስጠናት የልጁን ልብ እንደሚገድልና ብልሃቱን እንደሚያደበዝዝ ያስረዳሉ። ይህ ከ900 ዓመት በፊት የተጻፈ ነው።

ከሁሉም በላይ ቁርኣን ራሱ ወደ ማየት ይጠራል። ሱረቱል ጋሺያ ከአንቀጽ 17 እስከ 20 ግመልን፣ ሰማይን፣ ተራራንና ምድርን እንድናስተውል ያመላክተናል። ሱረቱል አንዓም አንቀጽ 99 ደግሞ ከዝናብ ስለሚበቅለው ቡቃያና ስለ ፍሬው መብሰል ያስተምራል። አንድን ቅጠል ተንበርክኮ የሚያይ ልጅ ከዲን ትምህርት የራቀ ሊመስለን አይገባም።

ከመውጣታችን በፊት፦ የደኅንነት ነገር

ልጆችን ወደ ሜዳ ከማውጣት በፊት መምህሩ ወይም መምህርቷ ብቻቸውን ቦታውን ይዙሩት። በአካባቢያችን ልጅ እንዳይነካቸው የምንጠብቃቸው ዕፅዋት አሉ።

• የጉሎ ፍሬ ያምራል፤ ለመቁጠሪያ የሚመች ይመስላል። ግን መርዛም ነውና ፈጽሞ ለመቁጠሪያ አንጠቀምበት።
• የእንዶድ ፍሬና አስተናግር ወደ አፍ ከገቡ ይጎዳሉ።
• የቁልቋልና የቅንጭብ ወተት ዓይን ውስጥ ከገባ ክፉኛ ያቃጥላል።
• ሳማ ያለበትን ጥግ አስቀድመን እንለይ።
• ንብ የምናየው ቆመን፣ ከራቅ ብለን ነው፤ ወደ ቀፎ አንጠጋም።
• መስከረም ላይ ወንዙ ገና ሙሉ ነው። ተግባሩ ወንዝ ዳር አይሁን።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር። ግጭት ባለፈባቸው ቦታዎች ሜዳ ላይ የወደቀ ያልታወቀ ብረት ሊኖር ይችላል። ልጆች «የወደቀ ብረት አልነካም፣ ለትልቅ ሰው እናገራለሁ» የሚለውን እንደ ፊደል ይልመዱት። ቦታው ካላስተማመነ ከግቢ አንውጣ፤ የሚከተሉት ተግባራት ሁሉ በግቢ ውስጥ ይቻላሉ። ሲጨርሱ እጅ በሳሙና፣ ሳሙና ከሌለ በአመድና በውሃ ይታጠባል።

ተግባር 1፦ የክር ክብ

የሚያስፈልገው ለየቡድኑ አንድ ሜትር ያህል ክር ወይም ሲባጎ ብቻ ነው። ጫፍና ጫፉ ይታሰርና ሣር ላይ ክብ ሆኖ ይቀመጣል። አምስት አምስት ልጆች ዙሪያውን ይንበረከካሉ። ከክቡ ውስጥ ያለውን ሁሉ ያያሉ፦ ስንት ዓይነት ቅጠል አለ? አበባ ያለው የትኛው ነው? የሚንቀሳቀስ ነገር አለ? እርጥብ ነው ደረቅ?

እዚህ ላይ የጥያቄው አጠያየቅ ወሳኝ ነው። «ይህ ምንድን ነው?» ብለን ከጠየቅን ስሙን የማያውቅ ልጅ ዝም ይላል። «ምን ታያለህ? ምን ታያለሽ?» ካልን ግን መልስ የሌለው ልጅ የለም።

ባስተማርኩባቸው ዓመታት ያስተዋልኩት ነገር አለ። ጥጃና ግልገል ሲጠብቁ የሚውሉ ልጆች ክፍል ውስጥ ብዙ ጊዜ ከኋላ ተቀምጠው ያቀረቅራሉ። የክሩ ክብ ሣር ላይ ሲቀመጥ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ጥጃ ምን እንደሚበላና ምን እንደሚተው፣ የትኛው ሣር ለጎጆ ክዳን እንደሚሆን፣ የትኛው ዘር ጭጎጎት ሆኖ ልብስ ላይ እንደሚጣበቅ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ደብተርና እርሳስ ቀድመው ያዩት ልጆች ከእነሱ ይጠይቃሉ። አንዲት ልጅ በመጀመሪያው ሳምንት «አውቃለሁ» ብላ አንድ ጊዜ ከተናገረች፣ በሚቀጥለው ወር ፊደል ላይም ድምጿ ይሰማል።

የክሩን ቦታ በድንጋይ ምልክት አድርጉበት። በጥቅምትና በኅዳር ተመልሳችሁ እዚያው ክቡን አስቀምጡ። አበባው ረግፎ ዘር ሆኗል፤ ሣሩ ቢጫ ሆኗል። ወቅት መለወጡን ልጁ ራሱ ያገኘዋል።

ተግባር 2፦ አደይና ኑግ

ኑግ በሚዘራበት ቀበሌ ይህ ተግባር በጣም ያስደስታል። ሁለቱም ቢጫ ናቸው፤ ከሩቅ ይመሳሰላሉ። ልጆቹ ከየአንዳንዱ አንድ አንድ ይዘው ልዩነትና ተመሳሳይነት ይፈልጉ። ቅጠሉ እንዴት ነው? ግንዱ ይሻክራል ወይስ ይለሰልሳል? ዳር ላይ ያሉት ቢጫ ቅጠሎች ስንት ናቸው? የሁሉም ልጅ ቁጥር እኩል ላይሆን ይችላል፤ «ለምን የኔ በለጠ?» የሚለው ክርክር ራሱ የቁጥር ትምህርት ነው።

መምህራን ይህን ብታውቁት ይጠቅማችኋል፦ አደይ፣ ኑግና የሱፍ አበባ የአንድ ትልቅ ቤተሰብ ዕፅዋት ናቸው። አንድ አበባ የሚመስለን ነገር የብዙ ጥቃቅን አበቦች ስብስብ ነው። መሐሉን በጣት ለይተው ሲያዩ ትንንሾቹን ያገኟቸዋል። ከዚያ «ማን ዘራው?» ብላችሁ ጠይቁ። ኑግን ገበሬ ይዘራዋል፤ አደይ ሰው ሳይዘራው በየዓመቱ ይበቅላል። ከዚህ ተነስቶ ስለ አላህ ፈጣሪነት መናገር ለመድረሳ መምህር ቀላል ነው።

በደጋው በኩል፣ በጉና ተራራ ዙሪያ ላሉ፣ ኑግ በሌለበት ገብስና ስንዴን ማነጻጸር ይቻላል። ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ በሚወርደው ቆላ ደግሞ ማሽላና በቆሎ አሉ። ስማዳ ደጋም፣ ወይና ደጋም፣ ቆላም ያለው ወረዳ ስለሆነ መምህሩ በአጠገቡ ያለውን ይምረጥ።

ተግባር 3፦ ባቄላ በሃይላንድ

አንገቱ የተቆረጠ የሃይላንድ ፕላስቲክ፣ አሮጌ ጨርቅ ወይም ጥጥ፣ ሌሊቱን ውሃ ውስጥ ያደረ ባቄላ ያስፈልጋል። ጨርቁ ረጥቦ ፕላስቲኩ ውስጥ ይገባል፤ ባቄላው በጨርቁና በፕላስቲኩ መካከል ይቀመጣል፤ ስለዚህ ከውጭ ይታያል።

ሦስት አዘጋጁ። አንዱ ብርሃን ባለበት ቦታ ውሃ እየተሰጠው፣ ሁለተኛው ውሃ እየተሰጠው ጨለማ ውስጥ፣ ሦስተኛው ያልራሰ ባቄላ በደረቅ ጨርቅ ያለ ውሃ ይቀመጥ። ከመጀመራችሁ በፊት ልጆቹ ይገምቱ፦ የትኛው ይበቅላል? ግምታቸውን አታርሙ፤ ባቄላው ራሱ ያርመዋል።

መጀመሪያ ሥር ወደ ታች ይወርዳል፤ ቡቃያው ኋላ ይወጣል። በደጋው ብርድ ከሳምንት በላይ ሊቆይ ስለሚችል ልጆቹን ለትዕግሥት አዘጋጇቸው። ጨለማ ውስጥ ያለው ይበቅላል፤ ግን ቀጥኖና ገርጥቶ ይረዝማል። ያን ቀን የሚሰማው የመደነቅ ድምፅ ከምንም መዝሙር ይበልጣል።

በየሦስት ቀኑ የቡቃያውን ቁመት በክር ለኩና ክሩን ቁረጡ። ክሮቹን ግድግዳ ላይ በተርታ አንጠልጥሉ። ማስመሪያ ማንበብ የማይችል የ5 ዓመት ልጅ የዕድገት ሰንጠረዥ ሠራ ማለት ነው። አሥር ዘርተን ስንት በቀለ? ስንት ቀረ? ይህ ደግሞ መደመርና መቀነስ ነው።

ሲጠነክር ግቢው ውስጥ ይተከል። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሙስሊም የተከለውን ወይም የዘራውን ሰው፣ ወፍ ወይም እንስሳ ቢበላለት ሶደቃ እንደሚሆንለት ማስተማራቸው በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። ዶሮ ቡቃያውን በልታበት ለሚያለቅስ ልጅ ከዚህ የተሻለ ማጽናኛ አላውቅም።

ተግባር 4፦ የጠጠር ቆጠራ

ሦስት ቆርቆሮ ወይም ጣሳ ይዘጋጅ፤ አንዱ ላይ ፀሐይ፣ አንዱ ላይ ደመና፣ አንዱ ላይ ዝናብ ይሳል። በየቀኑ አንድ ልጅ በተራው ወጥቶ ሰማዩን ያይና ተገቢው ጣሳ ውስጥ አንድ ጠጠር ይጥላል። በወሩ መጨረሻ ጠጠሮቹ ይቆጠራሉ፤ የመስከረሙ ከጥቅምቱ ጋር ይነጻጸራል። የዝናቡ ጣሳ ሲጎድል፣ የፀሐዩ ሲሞላ ልጆቹ «ክረምት ወጣ» የሚለውን የአያቶቻቸውን ቃል በቁጥር ያረጋግጣሉ።

ተግባር 5፦ የዱላ ጥላ

ይህ ለመድረሳ ልዩ ጥቅም አለው። አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ዱላ ግቢ መሐል ቀጥ አድርጋችሁ ትከሉ። በወገዳ አካባቢ ፀሐይ አናት ላይ የምትደርሰው በነዚህ ወራት ከቀኑ 6 ሰዓት ከ10 እስከ 6 ሰዓት ከ25 ባለው ጊዜ ገደማ ነው። በዚያ ሰዓት የጥላው ጫፍ ላይ ድንጋይ አስቀምጡ። በየሳምንቱ ድገሙት።

በመስከረም መጀመሪያ ጥላው ከአሥር ሳንቲ ሜትር ትንሽ የሚበልጥ፣ ወደ ሰሜን ያዘነበለ አጭር ጥላ ነው። ኅዳር ሲገባ ከግማሽ ሜትር ያልፋል። ድንጋዮቹ በተርታ ወደ ሰሜን ይጓዛሉ። ልጆቹ ፀሐይ በየሳምንቱ መንገዷን እንደምትለውጥ ያያሉ። ጥላው ከአጭሩ ተነስቶ መርዘም ሲጀምር የዙህር ወቅት እንደገባ፣ ዐስርም በጥላ ርዝመት እንደሚታወቅ ንገሯቸው። ሶላት ከሰማይና ከምድር ጋር የተሳሰረ መሆኑን በዓይናቸው ያዩታል።

ተግባር 6፦ ሽታ፣ ጣዕምና ቀለም

ዓይን ጨፍኖ በሽታ መለየት ሁሉም የሚወደው ጨዋታ ነው፦ ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ በደጋው ደግሞ ጦስኝ። ወላጅ ትንሽ የገብስ ወይም የባቄላ እሸት ቢልክ በእሳት ተጠብሶ «ቢስሚላህ» ተብሎ ይቀመሳል። ጣፋጭ ነው? መራራ? ለስላሳ? ከራሩ? ልጆች የሚያውቁት ቃል የሚበዛው እንዲህ ነው።

ለቀለም ከለር መግዛት ግዴታ አይደለም። የአደይ አበባ ወረቀት ላይ ሲታሸት ቢጫ፣ እርጥብ ቅጠል አረንጓዴ፣ ከሰል ጥቁር፣ ቀይ አፈር በውሃ ቡናማ ይሰጣል። በጭቃ ደግሞ ቀፎ፣ ወፍ፣ በሬ ይሠራል። ጭቃ የሚያሸው ጣት ነገ እርሳስ የሚይዘው ጣት ነው፤ የእጅ ጡንቻው ካልጠነከረ ፊደል መጻፍ ያስጨንቀዋል።

ተግባር 7፦ ፊደል ከሜዳ

ያዩትን ነገር ከፊደል ጋር እናገናኘው፦ «አ» አደይ፣ «ባ» ባቄላ፣ «ጤ» ጤፍ፣ «ን» ንብ። አመድ ወይም አሸዋ በሳፋ ላይ ዘርግተው በጣት ይጻፉ፤ ሲሳሳቱ በእጅ ይጠረጋል፤ ስለዚህ አይፈሩም። በመድረሳም እንዲሁ፦ «ዛይ» ዘህራ (አበባ)፣ «ሺን» ሸምስ (ፀሐይ)፣ «ኑን» ነሕል (ንብ)። ንብና ነሕል በሁለቱም ቋንቋ «ን» ድምፅ መጀመራቸው ልጆቹን ያስቃቸዋል፤ አይረሱትምም። በንብ ስም የተጠራ ሱራ፣ ሱረቱ-ን-ነሕል፣ በቁርኣን ውስጥ እንዳለም በዚህ አጋጣሚ ይነገራቸው። አሸዋ ላይ ከለመዱት በኋላ ወደ ሉሕ መሸጋገር ይቀላል።

መጨረሻ ላይ እንቆቅልሽ ይጨመር። «እንቆቅልሽ?» «ምን አውቅልህ?» «ዓመቱን ተኝቶ ከርሞ፣ ዝናብ ሲሸኝ ቢጫ ለብሶ የሚነሳ?» መልሱን ያወቁት ልጆች በተራቸው የራሳቸውን ይፍጠሩ።

ክፍሉ በልጅ ሲጨናነቅ

«50 እና 60 ልጅ ይዤ እንዴት?» የሚል መምህር ትክክል ነው። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማውጣት አይቻልም። አንዱ መንገድ ከፍ ያለ ክፍል ተማሪዎችን ማሳተፍ ነው። በ2002 ዓ.ል የወጣው አገር አቀፍ የቅድመ መደበኛ ትምህርት ማዕቀፍ ከአጸደ ሕፃናትና ከ«ኦ» ክፍል ጎን «ልጅ ለልጅ» የተባለውን መንገድ ያስቀመጠው ለዚህ ነው፤ ታላላቆቹ ታናናሾቹን በጨዋታ ያስተምራሉ። መድረሳ ውስጥ ይህ አዲስ አይደለም፤ ቀድሞ የቀራው ኋላ የመጣውን ሲያስቀራ ኖሯል። ስለዚህ ግማሹ ክፍል አሸዋ ላይ ሲጽፍ፣ ግማሹ ከሁለት ታላላቅ ተማሪዎች ጋር የክር ክቡን ያያል፤ ከዚያ ይቀያየራሉ።

የአበባየሆሽ ጥያቄ

ሙስሊም ወላጆች ስለ መስከረም ተግባራት ሲሰሙ አንዳንዶቹ ይጨነቃሉ፦ «ልጄን በበዓል ዘፈን ውስጥ ሊያስገቡብኝ ነው?» ስጋቱ መናቅ የለበትም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ በሆነ መንገድ መሰጠት እንዳለበት ስለሚደነግግ፣ የመንግሥት ትምህርት ቤት ማንንም ልጅ ወደ በዓል ዝማሬ ማስገደድ የለበትም። አበባየሆሽን በሚመለከት ቤተሰቦች የተለያየ አቋም አላቸው፤ መምህር የሌላውን ልጅ ቤት ያክብር።

ከላይ የዘረዘርኳቸው ተግባራት ግን የማንም በዓል አይደሉም። አደይ የአላህ ፍጥረት ነው፤ ባቄላ ለሁሉም አንድ ዓይነት ይበቅላል። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ሙስሊምና ክርስቲያን ልጆች በአንድ ሜዳ ከብት ይጠብቃሉ፤ በአንድ ክር ዙሪያ ቢንበረከኩ አዲስ ነገር አይደለም። ወላጅም ልጁን በጭፍን ከመከልከል ይልቅ ቀረብ ብሎ «ምን ታሠሯቸዋላችሁ?» ብሎ ይጠይቅ፤ እሸት ይዞ ቢመጣ ደግሞ የበለጠ ነው።

ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ከሆነስ?

ከ2015 ዓ.ል ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን በቀጠለው ግጭት በርካታ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ቆይተዋል። ያን ጊዜ 5 ዓመት የሞላው ልጅ ፊደል የሚለይበት፣ እርሳስ መያዝ የሚለምድበት ጊዜ በቤቱ አልፎበታል። ይህ ጽሑፍ በዋናነት የታሰበው ለእንዲህ ያለው ቤት ነው። ባቄላ፣ ጨርቅ፣ ጠጠር፣ ዱላና አመድ የሌለበት ቤት የለም። ታላቅ እህት ወይም ወንድም በቀን ለግማሽ ሰዓት ብትመራው፣ እናት ወይም አያት የቅጠሉን ስም ቢነግሩ፣ ትንሹ ልጅ ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ባዶ እጁን አይገባም። ማንበብ የማይችሉ ወላጆች «እኛ ምን እናውቃለን» አይበሉ። ዘር መቼ እንደሚዘራ፣ ደመና ምን እንደሚያመጣ ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

በውጭ አገር ላላችሁና ልጆቻችሁን ቅዳሜና እሁድ መድረሳ ለምታስተምሩ ደግሞ፦ እናንተ ዘንድ አበባው በመጋቢትና በሚያዝያ ነው። ባቄላውን ያኔ ዝሩ። በመስከረም ደግሞ ከዘመድ የአደይ ሜዳ ፎቶ አስልኩና ጎን ለጎን አሳዩ። ልጁ ሁለት አገር እንዳለው፣ የሁለቱም ወቅት የአንድ ጌታ ሥራ መሆኑን ይረዳል።

የአራት ሳምንት ዕቅድ

1ኛ ሳምንት፦ የክር ክብ፤ የጠጠር ቆጠራ ይጀመር፤ ዱላው ይተከል፤ «አ» እና «ዛይ»።
2ኛ ሳምንት፦ ባቄላው ይዘጋጅ፤ የቀለም ሥራ፤ «ባ» እና «ሺን»።
3ኛ ሳምንት፦ አደይና ኑግ (ወይም ገብስና ስንዴ)፤ የባቄላው ልኬት በክር፤ «ን» እና «ኑን»።
4ኛ ሳምንት፦ ሽታና እሸት፤ የወሩ ጠጠር ይቆጠር፤ ባቄላው ግቢ ውስጥ ይተከል፤ ወላጆች መጥተው ይዩ።

ፈተና አያስፈልግም። ወላጆች በመጡ ቀን እያንዳንዱ ልጅ ሦስት ነገር ይመልስ፦ ምን አየህ? ምን ተለወጠ? ለምን ይመስልሃል? ሦስተኛውን ተሳስቶም ቢሆን በራሱ ቃል የሚመልስ ልጅ መማር ጀምሯል።

ወቅቱ አጭር ነው። አደዩ ከረገፈ ለሚቀጥለው ዓመት መጠበቅ ግድ ነው፤ የ5 ዓመት ልጅ ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት 5 ዓመቱ አይደለም። ስለዚህ መምህራን፣ ኡስታዞችና ወላጆች፣ ነገ ጠዋት ክሩን ቁረጡ፤ ባቄላውን ዛሬ ማታ ዘፍዝፉ።

አላህ ለልጆቻችን ጠቃሚ ዕውቀት፣ ለምድራችን ሰላም ይስጥልን። ወላሁ አዕለም።